የተሰበረ የአሉሚኒየም ዕቃ ይበየዳል፣ ዘይቱ ከወጣለት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከርማችኋል? በብየዳ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፍኩ አንባቢያችሁ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜዬን የማጠፋው በተሰበሩ የመኪና ዕቃዎች ላይ ነው። በተለይ ካስት አሉሚኒየም፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው። የካምቢዮ ቤት፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ)፣ የጀነሬተር ማሰሪያ፣ የውሃ ፓምፕ ቤት፣ ከሞተሩ ስር የሚታሰረው የዘይት መያዣ፣ እነዚህ በብዙ መኪኖች ላይ ከሱ ነው የሚሠሩት።

የምጽፍላችሁ ሁለት ነገር ስላስመረረኝ ነው። አንደኛው «አሉሚኒየም አይበየድም፣ ጣለው» የሚባለው ምክር ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አምጣው፣ አሁኑኑ ለጠፍ አደርገዋለሁ» የሚለው። የመጀመሪያው ደህና ዕቃ ያስጥላል። ሁለተኛው ደህናውን ዕቃ ያበላሻል፣ አንዳንዴም ሰው ይጎዳል። ካስት አሉሚኒየም ይበየዳል። ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ነው፣ ጽዳቱ ላይ።

አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው የካምቢዮ ቤት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ጆሮ ተሰብሯል። «ልጄ፣ ሁለቴ ተበየደ፣ ሁለቴም ለቀቀ። ዕቃው ራሱ የማይረባ ነው ብለውኛል» አሉኝ። ጨርቁን ገልጬ አየሁት። ብየዳው ጥቁር ነው። እንደ ስፖንጅ ተነፋፍቷል። ስንጥቁ ደግሞ የብየዳውን ጠርዝ ይዞ ዳር ለዳር ሄዷል። «ጋሼ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም። ዘይቱ ሳይወጣ ስለተበየደ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም፣ አልፈርድባቸውም። ሁለቴ ከፍለውበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካምቢዮ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ከዘይት ጋር ነው የሚኖረው። ካስት ደግሞ በተፈጥሮው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ በዓይን የማይታዩ ግን ዘይት የሚያስገቡ። በስንጥቁ በኩልም ይገባል። በጨርቅ ስትጠርጉት ላዩ ያበራል፣ ውስጡ ግን እንደጠጣ ነው። እሳት ሲነካው ያ ዘይት ይፈላል፣ ጥላሸት ይሆናል፣ ሃይድሮጅን ይለቃል። የቀለጠ አሉሚኒየም ደግሞ ሃይድሮጅን ይወዳል። እየቀለጠ ይጠጣዋል፣ ሲረጋ ግን ሊይዘው አይችልም፣ ምክንያቱም የረጋው አሉሚኒየም የሚይዘው ከቀለጠው 20 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። የተረፈው ጋዝ መውጫ ሲያጣ አረፋ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ያ ስፖንጅ የመሰለው ብየዳ ከዚህ የመጣ ነው። እርጥበትም፣ ቀለምም፣ የጓርኒሲዮን ማጣበቂያም ያንኑ ያደርጋሉ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? የድሮውን ብየዳ በሙሉ ቆርጬ አወጣሁ። በላዩ ላይ መደረብ አይሆንም፣ ከስር ያለው ቆሻሻ እንደገና ወደ ላይ ይመጣል። ኩሽኔታውንና የጎማ ማሸጊያዎቹን አስወጣሁ። በሙቅ ውሃና በዘይት ማስለቀቂያ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ አሴቶን በሚባለው ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ጠረግኩት። ከዚያ በቀስታ አሞቅኩት። ሲሞቅ ዘይቱ እንደ ላብ ከስንጥቁ ወጣ። እኚያም ሰው ያኔ ዓይናቸው አየ፣ ንጹህ የመሰለው ዕቃ በፊታቸው አላበው። ጠረግኩ፣ አቀዘቀዝኩ፣ እንደገና በአሴቶን፣ እንደገና ማሞቅ። ላቡ እስኪያቆም። ያን ቀን ብየዳው ራሱ የፈጀው ጊዜ ከጽዳቱ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ማጽጃው በጣም የምለምነው ነገር አለ። ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ማጽጃ የሚባል በቆርቆሮ የሚረጭ ፈሳሽ አለ። ዘይት በደቂቃ ያስለቅቃል፣ እጅ ላይም ይገኛል። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አለባቸው፣ ቴትራክሎሮኢትሊን የሚባለው ዋናው ነው። እሱ የተረፈበት ዕቃ ላይ ስትበይዱ የእሳቱ ሙቀትና አልትራቫዮሌት ጨረሩ ፈሳሹን ፎስጂን ወደሚባል ጋዝ ይለውጡታል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው ለመግደል የተሠራበት ጋዝ ነው። ክፋቱ ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። በያጁ ትንሽ ያስለዋል፣ ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ ደህና ነኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሳንባው በውሃ የሚሞላው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ እስከ አንድና ሁለት ቀንም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ለብየዳ የሚሄድ ዕቃ በዚህ ነገር በጭራሽ አታጽዱ። ባለመኪናም ብትሆኑ፣ «አጽድቼ ልውሰድለት» ብላችሁ ረጭታችሁበት ከሆነ፣ ለበያጁ ንገሩት። ቆርቆሮው ላይ ክሎሪን የሚል ነገር ካለ ወይም ጽሑፉ ከጠፋ ከብየዳ ቦታ አርቁት። አሴቶን ይበቃል። እሱም ቢሆን እሳት ይይዛልና ሙሉ በሙሉ ተንኖ እስኪያልቅ እሳት አይነሳም፣ የተጠረገበት ጨርቅም ከአጠገብ ይወሰዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃው በእርግጥ አሉሚኒየም ነው ወይ የሚለው ነው። ቀላል የሆነና የሚያብለጨልጭ ሁሉ አሉሚኒየም አይደለም። ማግኒዥየም ሊሆን ይችላል። የድሮው ቮልስዋገን ቢትል የሞተር ቤት ከማግኒዥየም ቅይጥ ነበር የሚሠራው፣ ዛሬም አንዳንድ የካምቢዮ ቤቶች ከሱ ይሠራሉ። መለየቱ ቀላል ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ፋቅ አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ማግኒዥየም ከሆነ ወዲያው ይንፈቀፈቃል፣ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ይህን ሳያዩ መፋቅና መቁረጥ የሚጀምሩ አሉ። የማግኒዥየም ብናኝ እሳት ይይዛል፣ የያዘውን እሳት በውሃ ላጥፋ ካላችሁ ደግሞ ይብሳል። ደረቅ አሸዋ ነው የሚያስፈልገው። ማግኒዥየምም ይበየዳል፣ ግን እየቀለጠ የሚሞላበት የራሱ የመበየጃ ሽቦና የራሱ ጥንቃቄ አለው፣ የአሉሚኒየም ሽቦ አይሆነውም።

ወደ ካምቢዮው ልመለስ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ በትራፓኖ በሳሁ። ስንጥቅ ሲሞቅ ይሮጣል፣ ቀዳዳው ያቆመዋል። ጫፉን በዓይን ማግኘት ይከብዳል፣ ሁልጊዜ ከሚታየው ትንሽ ያልፋል። ለዚህ የሚሆን ቀይ ቀለም አለ፣ ይረጫል፣ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት ይረጭበታል፣ ስንጥቁ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ራሱ ከዚያ በኋላ በደንብ መጽዳት አለበት። ከዚያ ስንጥቁን እስከ ስሩ በሰፊው ከፈትኩት። ይህን በተራ የግራይንደር ድንጋይ አትሥሩት። ለስላሳው አሉሚኒየም ድንጋዩን ይደፍነዋል፣ ድንጋዩም ፍርፋሪውንና ሙጫውን አሉሚኒየሙ ውስጥ ይቀብራል። ጥርስ ያለው የካርባይድ መፋቂያ ነው የሚሻለው። መጨረሻ ላይ በስቴንለስ የሽቦ ብሩሽ ማሸት፣ ያም ብሩሽ ብረት ነክቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ብረት የተፋቀበት ብሩሽ ዝገቱን ይዞ ይመጣል።

ከብረት ጋር የለመደ በያጅ አሉሚኒየም ላይ ሲመጣ ዓይኑ ይከዳዋል። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ምን ያህል እንደሞቀ ቀለሙ ይነግራችኋል። አሉሚኒየም ሳይቀላ ይቀልጣል። አሁን ቀጥ ብሎ የቆመው ጆሮ ድንገት ጠብ ይላል። ንጹህ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲሊኮን ያለበት የመኪና ካስት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መላላት ይጀምራል። በላዩ ያለው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ግን ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ውስጡ ውሃ ሆኖ ቆዳው እንደ ከረጢት ይዞት ይቆያል። ቆዳውን ሳታስወግዱ ሽቦ ብትጨምሩበት ሽቦው እንደ ዶቃ ላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይዋሃድም። ሰው «አሉሚኒየም አይበየድም» ያለው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

በኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በሚቀያየር ከረንት፣ የሚሠራ የቲግ ማሽን (በማይቀልጥ የቱንግስተን ዘንግና በጋዝ ከለላ የሚበይደው) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከረንቱ አቅጣጫውን ሲቀያይር በአንዱ ዙር ቆዳውን ይሰባብራል፣ በሌላው ዙር ያቀልጣል። አርጎን የሚባለው ንጹህ ጋዝ ደግሞ አዲስ ቆዳ እንዳይሠራ ይከላከላል። ለብረት በለመድነው የዲሲ ማሽን (ከረንቱ አቅጣጫ በማይቀይረው)፣ ዱቄት በተቀባ የአሉሚኒየም ኤሌክትሮድ መበየድ ይቻላል፣ ወፍራም ዕቃ ላይ ሠርቼበታለሁም። ግን ሻካራ ነው፣ ዱቄቱም ጨዋማ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ካልታጠበ ቆይቶ ዕቃውን ይበላዋል። የማሽኑም አቅም ይታሰብ። በግምት ለአንድ ሚሊሜትር ውፍረት 40 አምፔር ያስፈልጋል። ስድስት ሚሊሜትር ለሆነ የካምቢዮ ጆሮ ከ200 በላይ ማለት ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት በጣም ፈጥኖ ያሸሻል፣ ትንሽ ማሽን ይዛችሁ ብትቆሙበት ሙቀቱ ወደ ዕቃው ሁሉ ይሄዳል እንጂ ቦታው አይቀልጥም።

አስቀድሞ ማሞቅ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። እኔ የካምቢዮ ቤት ከ100 እስከ 150 ዲግሪ አሞቃለሁ፣ ቴስታታ ከሆነ እስከ 200 እሄዳለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፣ ከእውነቱ በጣም አሳንሶ ነው የሚያሳየው። የሚነካ ቴርሞሜትር ወይም በታወቀ ሙቀት የሚቀልጥ ጠመኔ ተጠቀሙ።

ሽቦው ላይ ብዙ ክርክር እሰማለሁ። ለአብዛኛው የመኪና ካስት 4043 የሚባለው፣ 5 በመቶ ሲሊኮን ያለው ይሆናል። 12 በመቶ ገደማ ያለው 4047 ደግሞ ቀልጦ በደንብ ይፈሳል፣ ፍሳሽ እንዳይኖር ለሚፈለግበት ቦታ ጥሩ ነው። ማግኒዥየም ያለበትን 5356 «ይጠነክራል» ብለው ለሁሉም የሚጠቀሙ አሉ። ሲሊኮን የበዛበት ካስት ላይ ሲቀላቀል ተሰባሪ ነገር ይሠራል፣ ሁልጊዜ ከ65 ዲግሪ በላይ ለሚሞቅ ዕቃም አይመከርም። ሞተር ላይ ያለ ዕቃ ደግሞ የትኛው ነው የማይሞቀው?

የሰውየውን ጆሮ ቦታውን እንዳይስት ከሌላ አሮጌ የካምቢዮ ፊት ጋር በብሎን አስሬ ነው የበየድኩት። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ያህል ነው፣ ሲቀዘቅዝም እንደዚያው ይሰበሰባል፣ ካላሰራችሁት ቀዳዳው ከብሎኑ ጋር አይገጥምም። አጫጭር እያደረግኩ፣ ቦታ እየቀያየርኩ ሄድኩ። የመጀመሪያው ንብርብር አሁንም ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ፍቄ አወጣሁትና ደገምኩት። ብዙ የካምቢዮ ቤቶች በከፍተኛ ግፊት ቅርጽ ውስጥ ተረጭተው ነው የሚሠሩት፣ ሲሠሩ የገባ አየርም በውስጣቸው ይቀራል። ስለዚህ ብታጸዱትም መጀመሪያ ላይ መትፋቱ አይቀርም። መታገስ ነው፣ የተፋውን ፍቆ መድገም። እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ከረንቱን ቀስ እያልኩ ቀንሼ ጉድጓዱን ሞላሁት። እሳቱን ድንገት ብታቋርጡት ያ ጉድጓድ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ሲያልቅ እሳት በማይበላው ብርድ ልብስ ሸፍኜ እስከ ማግስቱ ተውኩት። ውሃ አላፈሰስኩበትም።

በማግስቱ በቀዩ ቀለም ፈተሽኩት፣ ምንም አላወጣም። ከዚያ ቀዳዳው በልኩ ተበስቶ ፊቱ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ለሌላ ጉዳይ መጥተዋል፣ ለዚያ ጆሮ ግን አልተመለሱም።

ቴስታታ ላይ ከብየዳው በኋላ ያለው ሥራ ይበዛል። ፊቱ መጣመሙ አይቀርም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስቀምጦ በፊለር ጌጅ፣ ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች፣ ማየት ያስፈልጋል፣ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወደ ማሽን ሄዶ መላግ አለበት። የውሃ መተላለፊያው ተዘግቶ፣ አየር ተሞልቶበት፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ እንዳያወጣ ይታያል። ይህ ሳይደረግ «አልቋል፣ ግጠመው» የሚላችሁን አትቀበሉ።

አሁን የማልበይዳቸውን ልናገር። የተሰነጠቀ ቸርኬ አልበይድም። የመሪ ክንድ፣ ጎማውን የሚይዙ የሸክም ዕቃዎች፣ የፍሬን ካሊፐር አልበይድም። አንድ ወጣት ቸርኬ ይዞ መጥቶ በጣም ተቀይሞኛል። «ካምቢዮ የሚያህል ነገር እየበየድክ ይሄን ትንሽ ስንጥቅ ትፈራለህ?» አለኝ። እፈራለሁ። ብዙ የካስት ቸርኬዎች ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከፈሰሱ በኋላ ነው። ወደ 540 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይሞቃሉ፣ በውሃ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛሉ፣ እንደገና በትንሽ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያሉ። ብየዳ ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ይላላል። በዓይን አይታይም፣ ብየዳው እንዲያውም ሊያምር ይችላል። ቸርኬው ግን በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይታጠፋል። በያጁ ይቅርና ያ የላላ ቦታ መቼ እንደሚለቅ ማንም አይነግራችሁም። የካምቢዮ ጆሮ ቢለቅ ብዙ ጊዜ መኪናው ይቆማል። ቸርኬ ቢለቅ መኪናው አይቆምም። ለወጣቱ ይህንኑ ነገርኩት፣ ቸርኬውንም ይዞ ሄደ። ሌላ ሰው በይዶለት እንዳይሆን እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በትንሽ የጋዝ ነበልባል የሚቀልጡ፣ ዚንክ ያለባቸው ዘንጎችም አሉ። በ400 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጡ አሉሚኒየሙን ሳያቀልጡ ይይዛሉ። ሸክም ለሌለው ክዳን ወይም ለትንሽ ማሰሪያ ችግር የለም። ለካምቢዮ ጆሮ ግን አይሆኑም። ኢፖክሲም የዘይት መያዣ ላይ ላለች ትንሽ ቀዳዳ መንገድ ላይ ሊያደርሳችሁ ይችላል። ብቻ በኋላ ወደ በያጅ የምትወስዱት ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ዚንኩም ሙጫው የነካውም ቦታ እስከ ስሩ ተፍቆ ካልወጣ ጥሩ ብየዳ አይታሰብም። ብዙ ጊዜ ደብቀው ነው የሚያመጡልኝ። ምን ይደበቃል? እሳቱ ሲነካው ጭሱ ይናገራል።

ለባለመኪኖች ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። የተሰበረውን ቁራጭ፣ ትንሿን ስባሪ እንኳ አትጣሉ። ቁራጩ ካለ ጆሮው ቦታውን ያገኛል፣ ከጠፋ ከባዶ መሥራት ሊሆን ነው። ዕቃው መኪናው ላይ እንዳለ እንዲበየድ አትስማሙ። ዘይቱን ማውጣት አይቻልም፣ ከረንቱም በኩሽኔታውና በኮምፒውተሩ በኩል ሊያልፍ ይችላል። በያጁንም ጠይቁት፦ የድሮውን ብየዳ ታወጣዋለህ? በምን ታጸዳዋለህ? ምን ያህል ታሞቀዋለህ? ሲያልቅ በምን ትፈትሸዋለህ? የሚያውቅ ሰው በደስታ ይመልሳል፣ እንዲያውም ወሬው አያልቅበትም። «ቁጭ በል፣ አሥር ደቂቃ ነው» ካላችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። ለሁሉም የሚሆን ቦታ ካጣችሁ ሌላውን ቁረጡትና ስለ ፍሬን ማጽጃው የጻፍኩትን አንቀጽ ብቻ አውጡልኝ።

አክባሪያችሁ፣
በያጅ አንባቢያችሁ